ስድስቱ ቀንና የበና ምርቃት

በ2006 ዓ.ም. ከወይጦ ከተማ ወደ አርቦሬ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በእግር ሁለት ሰዓት ያህል የምትርቅ አንዲት መንደር ቧንቧ አልነበራትም። ከስምንት ዓመት በፊት የተቆፈረላት ጉድጓድ አርባ ሁለት ሜትር ከወረደ በኋላ ደረቅ ሆኖ ስለተገኘ በብረት ክዳን ተዘግቶ ቀርቷል። ልጆች ክዳኑን በድንጋይ እየመቱ ይጫወቱበታል። ሴቶች ውሃ የሚቀዱት ከመንደሯ በስተምዕራብ ካለው አሸዋማ ደረቅ ወንዝ ነበር። አሸዋውን በእጃቸው እስከ ወገባቸው ድረስ ይምሱና ከታች የሚያቁረውን ውሃ በቅል እየጨለፉ ጀሪካን ውስጥ ይገለብጣሉ። በጥር ወር አንድ ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን ለመሙላት አርባ ደቂቃ ይፈጅ ነበር። የዝናብ መለኪያዎችን እየዞርኩ መመርመር ሥራዬ ስለሆነ በዚያች መንደር ሳልፍ በሰዓቴ ይዤዋለሁ።

በዚያች መንደር ትውልዳቸው ከበና ብሔረሰብ የሆነ፣ አቶ ቦሼ የሚባሉ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ይኖሩ ነበር። እርሳቸውንና ልጃቸውን ናርዶስን ያወቅኋቸው ግን እዚያ ሳይሆን በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር ወይጦ ላይ ነው።

ዕለቱ ቅዳሜ ነበር። ከጂንካ ወደ አርባ ምንጭ የሚሄደው አውቶቡሳችን ወይጦ እንደደረሰ፣ ከከተማዋ ጫፍ መንገዱን የሚያቋርጠው ደረቅ ወንዝ በጎርፍ ሞልቶ አገኘው። ወይጦ ላይ አንድ ጠብታ አልጣለም፤ የዘነበው ተራራው ላይ ነው። ሾፌሩ ወርዶ ውሃውን ካየ በኋላ፣ «ሳይጎድል ጎማዬን አላስነካውም» ብሎ ከአውቶቡሱ ጥላ ሥር ጋደም አለ። እኔም በልማድ የውሃው ጠርዝ ላይ አንድ እንጨት ተክዬ፣ ከጎርፉ አጠገብ ወዳለው ወደ ወይዘሮ ጥሩብርሃን ምግብ ቤት ሄድኩ።

ወይዘሮ ጥሩብርሃን አባታቸው ከጎጃም በፖሊስነት መጥተው በዚያው የቀሩ ኦርቶዶክስ ሴት ናቸው። ጨዋታ ያውቃሉ። አንድ ጠረጴዛ ዘንድ አብሮኝ የተሳፈረ ሚልክያስ የሚባል ወጣት ተቀምጧል። የጂንካ ልጅ፣ የአሪ ተወላጅ ነው፤ በመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት ያስተምራል፤ ብሉይ ኪዳንን በጥንቱ ዕብራይስጥ ለማንበብ አራት ዓመት ተምሯል። ከጥግ ደግሞ ቦርሳዋን በእግሮቿ መካከል ያስቀመጠች፣ አሥራ ስምንት ዓመት የሚሆናት ልጅ ያንኑ አውቶቡስ ትጠብቃለች። ናርዶስ እርሷ ነበረች።

ብዙም ሳይቆይ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት የሰበሰቡ፣ እግራቸው ጭቃ የለበሰ ሰው ገቡ።

«ናርዶስ፣ ቦርሳሽን ያዢና እንሂድ» አሉ፣ ድምፃቸውን ሳያነሡ።

«አባዬ፣ ምዝገባው ማክሰኞ ያበቃል።»

«ነገ በጉባኤ ቆመሽ ተናገሪ፤ ሰኞ እኔ ራሴ አሳፍርሻለሁ ብዬሻለሁ። አንቺ ግን በሌሊት ወጣሽ።»

«ሊነጋ ሲል ነው የወጣሁት። ነገ የምትለኝን ስለማልናገር ነው የወጣሁት።»

ወይዘሮ ጥሩብርሃን ወንበር ሳቡላቸው። «አቶ ቦሼ፣ ይቀመጡ እንጂ። ጎርፉ አውቶቡሱን ይዞልዎታል፤ ልጅቱ የት ታመልጥዎታለች? ሻይ ይጠጡ፣ እግርዎም ይድረቅ።»

አቶ ቦሼ ተቀመጡ። ሚልክያስ ወደ እርሳቸው ጠጋ ብሎ፣ «አባባ፣ መድፈሬን ይቅር ይበሉኝና፣ በጉባኤ ምን እንድትናገር ነው የፈለጉት?» ሲል ጠየቃቸው።

«አንተ ማነህ?»

«ሚልክያስ እባላለሁ። መጽሐፍ ቅዱስ አስተምራለሁ።»

አቶ ቦሼ ጉልበቱ ላይ ያለውን መጽሐፍ አዩ። «እንግዲያው የላከህ እግዚአብሔር ነው። አንተ ፍረደን። ይህች ልጅ ዩኒቨርሲቲ ደርሷታል። የደረሳት የመሬት ጥናት ነው፤ ጂኦሎጂ ይሉታል። ምን የሚያስተምር ነው ብዬ ጠየቅኋት። የኦሞ ሸለቆ አፈር በሚሊዮን የሚቆጠር ዓመት አለው ይላል አለችኝ። መጽሐፉ ደግሞ ስድስት ቀን ይላል። እኔ ከትምህርት አልከለከልኳትም። በጉባኤ ትቁምና፣ ‹ዓለም የተፈጠረው እንደኛ ባለ ስድስት ቀን ነው፤ ከዚህ ሌላ የሚነግረኝን አልሰማም› ትበል። ከዚያ በሰላም ትሂድ። ይህ ይበዛል?»

«የማላውቀውን አውቃለሁ ብዬ በእግዚአብሔር ፊት መማል ነው፤ ለእኔ ይበዛል» አለች ናርዶስ። «መጽሐፉ ይዋሻል አላልኩም። ከአሸዋው ሥር ያለው ውሃ ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚሄድ ማወቅ ነው የምፈልገው።»

«ውሃውን እግዚአብሔር ያውቀዋል።»

«እርሱማ ያውቃል። የምትምሰው እናቴ ናት።»

አንባቢ አቶ ቦሼን ግትር ብሎ እንዳያልፋቸው እፈራለሁ። ትንሽ ቆይተው የተናገሩትን ከሰማሁ በኋላ እኔም ሐሳቤን ለውጫለሁ።

«እኔ ይህን መጽሐፍ በቀላል አላገኘሁትም» አሉ። «ያመንኩ ዕለት አባቴ፣ ‹ከእንግዲህ ከእኔ ቅል አትጠጣም› አለኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ሆነ። እስኪሞት ድረስ አልጠጣሁም። የአባቶችን ምርቃት ትቼ፣ ወንድሞቼን ትቼ፣ የያዝኩት ይህን ብቻ ነው። የመጀመሪያው ገጽ ከወደቀ ሁለተኛውን ምን ይይዘዋል? ልጄን ለዩኒቨርሲቲ ሰጥቼ መጽሐፌንም ከተቀማሁ በእጄ ምን ይቀራል?»

ሚልክያስ መልሱን ከሩቅ ጀመረ። ስለ ጥንት ባቢሎንና ግብፅ ሰዎች፣ ሊቃውንት ስለሚለያዩባቸው ነጥቦች፣ ስለ ብራናዎች ብዙ አወራ። ሁሉም ትክክል ሳይሆን አይቀርም፤ ነገር ግን አቶ ቦሼ ዓይናቸውን ወደ ጎርፉ መልሰው ነበር።

«ወንድሜ» አሉ ወይዘሮ ጥሩብርሃን፣ ብርጭቆ እያጠቡ፣ «ይኸ ለፈተና ነው ወይስ ለእኛ?»

ሚልክያስ ራሱ ቀድሞ ሳቀ። መጽሐፉንም ከደነ።

«እኔ እንደሆንኩ አልተማርኩም» ሲሉ ወይዘሮዋ ቀጠሉ፤ «ግን እኛ ዘንድ ከአዳም እስከ ክርስቶስ አምስት ሺህ አምስት መቶ ዘመን ነው። እናንተ ዘንድስ አቶ ቦሼ?»

«አራት ሺህ ብለው አስተምረውኛል።»

«አንድ ሺህ አምስት መቶው ታዲያ የት ገባ? ልጅቱን ከመያዝዎ በፊት እኔና እርስዎ እንተሳሰብ።»

አቶ ቦሼ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ። ሚልክያስም በዚያው ገባ።

«አባባ ቦሼ፣ ፀሐይ በስንተኛው ቀን ተፈጠረች?»

«በአራተኛው።»

«ከዚያ በፊት ግን ሦስት ጊዜ ማታም ሆነ፣ ጧትም ሆነ ተብሏል። ፀሐይ ሳትኖር ማታው በምን ታወቀ?»

«እግዚአብሔር ያለ ፀሐይ ማምሸት ያቅተዋል?»

«አያቅተውም። ‹እንደኛ ቀን› ያሉት ግን እርስዎ ነዎት። የእኛ ቀን ፀሐይ ወጥታ የምትጠልቅበት ነው። የጻፈው ሰው ይህን የማያውቅ ይመስልዎታል?»

አቶ ቦሼ አሰቡ። «እንዴት አያውቅም? ከብት አርቢ ሕዝብ ናቸው። የእረኛ ልጅም ያውቀዋል።»

«እንግዲያው እያወቀ ነው አራተኛ ያደረጋት። ምክንያት ነበረው ማለት ነው።»

«ምን ምክንያት?»

«እርሱን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል መሰለኝ» አለ ሚልክያስ። «በበና ሽማግሌዎች ባርጆ ሲጠሩ እንዴት ነው የሚጠሩት?»

ባርጆ በበናዎች ዘንድ በረከት ነው፤ ዝናቡም፣ ጤናውም፣ የከብቱ መርባትም በእርሱ ነው። ሽማግሌዎች ተሰብስበው በጥሪ ያመጡታል። የአቶ ቦሼ ፊት ወዲያው ጠቆረ።

«ያንን ትቻለሁ አልኩህ።»

«እንዲያደርጉት አይደለም። እንዲነግሩኝ ብቻ ነው።»

እኔ ወጥቼ እንጨቴን አየሁ፤ ውሃው ከእንጨቱ አንድ ክንድ ያህል ሸሽቶ ነበር። ስመለስ አቶ ቦሼ መናገር ጀምረዋል።

«ሽማግሌው ይቆማል፤ ያኔ የሚቆመው አባቴ ነበር። ሌሎቹ ተቀምጠዋል። ከቅሉ ይጎነጭና እፍ ብሎ ወደ ሜዳው ይረጨዋል። ከዚያ ይጠራል። ‹ዝናብ ይምጣ› ይላል። የተቀመጡት ‹ይምጣ› ይላሉ። ‹ሣሩ ይብቀል።› ‹ይብቀል።› ‹ማሽላው ያፍራ።› ‹ያፍራ።› ‹ከብቱ ይርባ።› ‹ይርባ።› ‹ልጁ ይደግ።› ‹ይደግ።›»

ሲናገሩ ድምፃቸው ከቀድሞው ወርዶ ነበር፤ የቀኝ እጃቸውም ሳይታወቃቸው ጉልበታቸውን ይመታ ነበር።

«አባዬ፣ ይህን ነግረኸኝ አታውቅም» አለች ናርዶስ።

«ለማንም አልነገርኩም።»

ሚልክያስ ቀስ ብሎ ጠየቀ፦ «አባትዎ ዝናቡን ከከብቱ በፊት የጠሩት፣ ዝናቡ ሲመጣ ከብት ስላልነበረ ነው?»

አቶ ቦሼ ሳቁ። «ከብቱማ አጠገቡ ቆሞ ያመሰኳል።»

«ታዲያ ለምን አስቀደሙት?»

«አንተ የከተማ ልጅ ነህ። ዝናብ ከሌለ ሣር የለም፤ ሣር ከሌለ ከብት የለም። መጀመሪያ ማደሪያው ይጠራል፤ አዳሪው ይከተላል። በረት ሳያጥር ከብት የሚነዳ ማን አለ?»

«ጥሩ። አሁን ይህን ያሉትን ይዘው ይስሙኝ።»

መጽሐፉን እንደገና ገለጠና የኦሪት ዘፍጥረትን የመጀመሪያ ምዕራፍ ከዕብራይስጡ እያየ፣ አጠር አድርጎ በአማርኛ ነገራቸው። በአንደኛው ቀን ብርሃንና ጨለማ ተለዩ፤ በሁለተኛው ሰማይና ውሃ ተለዩ፤ በሦስተኛው ደረቁ ምድር ወጣ፣ ሣሩም በቀለ። በአራተኛው መብራቶች ለቀንና ለሌሊት ተሰጡ፤ በአምስተኛው ወፎችና ዓሦች፤ በስድስተኛው የምድር እንስሳትና ሰው።

አቶ ቦሼ ቀኖቹን በጣታቸው ይቆጥሩ ነበር። ሦስት ጣት በግራ፣ ሦስት ጣት በቀኝ።

«አንደኛው የአራተኛው ማደሪያ ነው» አሉ። «ሁለተኛው የአምስተኛው። ሦስተኛው የስድስተኛው።» እጆቻቸውን ጎን ለጎን አድርገው ረጅም ጊዜ ተመለከቷቸው። «ሦስት በረት ታጠረ፤ ሦስት መንጋ ገባ።»

«ዕብራውያን የሰሙት እንደዚያ ይመስለኛል» አለ ሚልክያስ። «‹ይሁን› ይላል፤ ‹ሆነ› ይመልሳል፤ ‹መልካም ነው› ይላል፤ ማታና ጧት ይከተላል። ስድስት ጊዜ ይመላለሳል። በጉባኤ ተሰብስበው የሚሰሙት ነው። የሥራ ሰዓት የተመዘገበበት አይደለም።»

«እኔ ግን ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ የቀን ሠራተኛ እንደሚቆጣጠር አለቃ የእግዚአብሔርን ሰዓት ስቆጥር ኖርኩ።»

ወይዘሮ ጥሩብርሃን ሊስቁ ጀምረው ተዉት፤ ሰውየው እየቀለዱ አልነበረም። እዚህ ላይ ሐሳቤን ልግለጽ። አቶ ቦሼ የአባታቸውን ልማድ የጣሉት በሙሉ ልባቸው ነበር። የጣሉት ግን ጥሪውን ብቻ አልነበረም፤ ጥሪን የሚሰማውንም ጆሮ አብረው ጥለውታል። የሥራ ሪፖርት ሲያነብ ያደገ የጽሕፈት ቤት ሰው ይህን ምዕራፍ እንደ ሪፖርት ቢያነበው አይደንቅም። የጥሪና የመልስ ልጅ እንደ ሪፖርት ያነበበው፣ ጥሪ ሁሉ የጣዖት ነው ብሎ ስላመነ ነው።

ክርክሩ ግን በዚህ አላበቃም። አቶ ቦሼ እጃቸውን ሰበሰቡና ፊታቸው እንደገና ጠቆረ።

«ቆይ። ይህ እንደ አባቴ ጥሪ ከሆነ፣ ምን ጥዬ ምን ያዝኩ? ወንድሞቼ ቢሰሙህ፣ ‹በከንቱ ነው ከቅላችን የተለየኸው› ይሉኛል።»

«አባትዎ ‹ዝናብ ይምጣ› ብለው ከጠሩ በኋላ ምን ያደርጉ ነበር?»

«ምን ያደርጋል? ሰማዩን ያያል።»

«ይመጣ ነበር?»

«አንዳንድ ዓመት ይመጣል። አንዳንድ ዓመት ከብቱ ያልቃል።»

«እዚህስ? ‹ብርሃን ይሁን› ካለ በኋላ ምን ተባለ?»

«ሆነ» አሉ አቶ ቦሼ። ከዚያም ቀስ ብለው፣ «ሰማዩን የሚያይ የለም» አሉ።

«የለም። የሚጠራውና የሚሰጠው አንድ ነው። አባትዎ የለመኑትን፣ ይህ ያዛል። የሚሰማው ሕዝብ መጥራትን ያውቃል፤ ‹ሆነ› የሚለውን ሲሰማ ግን ይደነግጣል። ጎረቤቶቻቸው ለፀሐይና ለጨረቃ ይሰግዱ ነበር። ጸሐፊው ግን ፀሐይን በስሟ እንኳ አልጠራትም፤ መብራት ናት አለ፤ ከሣሩም በኋላ አስቀመጣት።»

«ከሣር በኋላ?» አሉ ወይዘሮ ጥሩብርሃን። «ጉድ ነው። የወይጦን ፀሐይ ቢያያት እንዲህ አይደፍራትም ነበር።»

ይህን ጊዜ ናርዶስም ሳቀች። አቶ ቦሼ ግን ጣታቸውን አነሡ። የሚቀጥለውን ጥያቄ ሲጠይቁ ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስባቸው ይህ እንደነበረ ታወቀኝ።

«ዛሬ አንተ መጥተህ ይህ ምርቃት ነው አልከኝ፤ እሺ። ነገ ሌላው መጥቶ፣ ‹ትንሣኤውም እንደዚያው ምርቃት ነው፤ አልሆነም› ቢለኝስ? ወሰኑ የት ነው?»

«ይህ ከባድ ጥያቄ ነው» አለ ሚልክያስ። «በመንደር ለእርቅ ይቀመጣሉ?»

«እቀመጣለሁ።»

«ምስክር ሲመጣ ምን ብለው ይጠይቁታል?»

«የት ነበርክ፣ ምን አየህ፣ አብሮህ ማን ነበር።»

«እርቁ ሲያልቅ የሚመርቀውን ሽማግሌስ?»

«የሚመርቅ እንዲህ አይጠየቅም። ይመለስለታል።»

«ሁለቱን አምታተው ያውቃሉ?»

«እንዴት አምታታለሁ? ልጅ ነኝ?»

«ትንሣኤውን የጻፉት ‹አየን፣ ዳሰስን፣ አብረን በላን› ይላሉ። የነበሩትን በስም ይጠራሉ። እንደ ምስክር መጥተዋልና እንደ ምስክር ይጠይቋቸው፤ ራሳቸው ይፈልጉታል። የመጀመሪያውን ቀን የጻፈው ግን ‹አየሁ› አላለም። ሰው ገና አልነበረም። እርሱን ‹በስንት ሰዓት ነበር?› ብለው ቢያፋጥጡት፣ ያላለውን አስብለው ሐሰተኛ ምስክር ያደርጉታል። ያን ጊዜ መጽሐፉን የሚጥለው ጂኦሎጂው ሳይሆን ጠያቂው ነው።»

ከውጭ የጎርፉ ድምፅ እየቀነሰ ነበር። አቶ ቦሼ ቀዝቃዛውን ሻያቸውን ጨረሱና ብርጭቆውን አስቀመጡ።

«ታዲያ መሬት ስንት ዓመቷ ነው?»

«አላውቅም» አለ ሚልክያስ። «መጽሐፉን፣ ‹ዓለምን ማን ፈጠረው?› ብዬ ስጠይቀው ይመልስልኛል። ስንት ዓመት ሆነው ስለው ዝም ይለኛል። ያን ጥያቄ ድንጋዩን መጠየቅ ይሻላል። ድንጋይ መጠየቅ ደግሞ የእርሷ ትምህርት ነው።»

አቶ ቦሼ ወደ ልጃቸው ዞሩ። ከገቡ ጀምሮ በሙሉ ፊታቸው ያዩዋት አሁን ነው።

«አንቺ፣ ድንጋዩ ምን አለሽ?»

«ገና አልሰማሁትም» አለች። «ግን የደረቀውን ጉድጓድ ሲቆፍሩ የወጣው አፈር እስካሁን እዚያው ተቆልሏል። አይቼዋለሁ። ከላይ አሸዋ ነው፤ የመጨረሻው ድፍን ጭቃ ነው፤ ሲደርቅ እንደ ሸክላ ይጠነክራል። የፊዚክስ መምህራችን፣ እንዲህ ያለ ጭቃ ሐይቅ የተኛበት ቦታ ላይ ነው የሚገኘው አለን። ጭቃ ውሃ አያሳልፍም። ወንዝ የሚጥለው ጠጠር ግን ያሳልፋል። ወንዙ ድሮ የሄደበት ቦታ ከተገኘ፣ ጠጠሩም ውሃውም እዚያ ነው።»

«ሐይቁ የተኛው መቼ ነበር?»

«እርሱን ነው ልማር የምሄደው፣ አባዬ።»

አውቶቡሱ ጡሩንባ ነፋ። ወጥቼ ሳይ እንጨቴ በደረቅ አሸዋ ላይ ቆሟል፤ የቀረው ውሃ የጎማውን ግማሽ አያክልም። ተሳፋሪው ከየጥላው ተነሣ። አቶ ቦሼም ተነሡና የልጃቸውን ቦርሳ አንስተው ትከሻቸው ላይ አደረጉ። በሩ ላይ ለአፍታ ቆሙ። በስተቀኝ አውቶቡሱ ነው፤ በስተግራ ወደ መንደራቸው የሚወስደው መንገድ ነው። ናርዶስ ከኋላቸው ነበረች።

ወደ ቀኝ ዞሩ።

ቦርሳውን ራሳቸው ውስጥ አስገብተው ወረዱ። «ነገ በጉባኤ የምቆመው እኔ ነኝ» አሏት። «ያን ገጽ በትክክል ላነብ ነው።» ከዚያ ከአውቶቡሱ በር ፊት ለፊት ቆሙና ቀኝ እጃቸውን ዘረጉ። በእጃቸው ቅል አልነበረም።

«አምላኬ ሆይ፣ መንገዷ ይቅና» አሉ።

ተሳፋሪው ግራ ገባው። መጀመሪያ የመለሰው ሚልክያስ ነው፤ «ይቅና» አለ። ከምግብ ቤቱ ደጃፍ ወይዘሮ ጥሩብርሃንም «ይቅና» አሉ።

«ትምህርቷ ይግባት።»

«ይግባት» አለ አሁን ግማሹ አውቶቡስ።

«ውሃው ይገኝ።»

«ይገኝ።»

ከጨረሱ በኋላ ሰማዩን አላዩም። ልጃቸውን አዩና ወደ መንገዳቸው ዞሩ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ያወቅሁት መለኪያዎቼን ለማየት በየዓመቱ በዚያ ስለማልፍ ነው። አቶ ቦሼ በማግስቱ ምዕራፉን በጉባኤ አነበቡ፤ እርሳቸው «ይሁን» ሲሉ ምእመኑ «ሆነ» እያለ። ከሽማግሌዎቹ ሁለቱ ተቆጡ፤ አንዱ ለአንድ ዓመት ያህል ሳያናግሯቸው ቆዩ። ይሁን እንጂ የአሥራ አንደኛና የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጆች፣ በትምህርት ቤት የሰሙትን በቤተ ክርስቲያን መደበቅ ስለቀረላቸው ጥያቄያቸውን ይዘው ወደ እርሳቸው ይመጡ ጀመር። «የማላውቀውን አላውቅም እላቸዋለሁ» ሲሉ ነገሩኝ፤ «እስካሁን በዚህ የሸሸኝ ልጅ የለም።» ከበና ወንድሞቻቸው ጋርም መነጋገር ጀመሩ። ጥሪውን አልተቀበሉም፤ ነገር ግን ስለ ጥሪው ሲጠይቋቸው ታላቅ ወንድማቸው እስኪመሽ ድረስ አጫወቷቸው።

እኔ ከዚህ የተማርኩት፣ የጥንት መጽሐፍ የሚያነብ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የመጀመሪያዎቹ ሰሚዎች እንዴት ይሰሙት እንደነበር ቢጠይቅ እንደሚጠቅመው ነው። ያን የጠየቀ ሰው እምነቱን በማይሸከም እንጨት ላይ አያንጠለጥልም፤ ልጁንም ከመጽሐፉና ከትምህርቷ አንዱን እንድትመርጥ አያስገድዳትም። ለአባት አንድ ልጅ፣ ለአንዲት መንደር ደግሞ አንድ የተማረ ሰው ተርፏል።

ናርዶስ ተመርቃ የውሃ ሥራ ያዘች። በ2013 ዓ.ም. ከባልደረቦቿ ጋር መንደሯን ስታጠና፣ የወንዙ አሮጌ መሄጃ ከደረቀው ጉድጓድ በስተምዕራብ ስድስት መቶ ሜትር ርቆ ከአፈር በታች መቀበሩን አገኙ። መሰርሰሪያው ጭቃውን አልፎ በስልሳ ስምንት ሜትር ጠጠር ውስጥ ገባ። በዚያ ዕለት አቶ ቦሼ ከሰዎቹ መካከል ተቀምጠው ነበር። ውሃው ሲወጣ የተናገሩት አንድ ቃል ነው፤ «ሆነ» አሉ።

ባለፈው ጥር የናርዶስ እናት ከአዲሱ ጉድጓድ ሲቀዱ አጠገባቸው ቆሜ በሰዓቴ ያዝኩት፤ ባለ ሃያ ሊትሩ ጀሪካን በሃምሳ አምስት ሴኮንድ ሞላ።